የአራት ደቂቃ ልጆች

እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1964 በሎስ አንጀለስ ዳርቻ በምትገኘው ኮምፕተን በተካሄደ የማይል ውድድር ስምንት ሯጮች ከአራት ደቂቃ በታች ገቡ። ያሸነፈው ዳይሮል በርልሰን ነበር፤ ሰዓቱም 3:57.4። ዛሬ ያ ውድድር ሲነሣ ግን ስሙ የሚጠራው አሸናፊው ሳይሆን ስምንተኛው ነው። በ3:59.0 የገባው ያ ቀጭን ልጅ ጂም ራየን ይባላል። ዕድሜው 17፣ ትምህርቱ ገና ሁለተኛ ደረጃ። ሮጀር ባኒስተር በኦክስፎርዱ የኢፍሊ ሮድ መም ላይ 3:59.4 ሮጦ አራት ደቂቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰበረ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ባኒስተር ያን ቀን የ25 ዓመት ጎልማሳ፣ የሕክምና ትምህርቱን ሊያጠናቅቅ የተቃረበ ሰው ነበር። የሰው ልጅ አቅም ጫፍ ተብሎ ሲወራለት የኖረው ሰዓት በአሥር ዓመት ውስጥ የተማሪ ሰዓት ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ ቲም ዳንየልሰን የተባለ የካሊፎርኒያ ተማሪ 3:59.4 ሮጠ። በ1967 የኒው ጀርሲው ማርቲ ሊኮሪ 3:59.8 አስመዘገበ። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። ከዚያ በኋላ ጸጥ። የሚቀጥለው ስም የሚገኘው በ2001 ነው።

ይህን ክፍተት ያየሁት በየዘመኑ ስም ያወጡ የመካከለኛ ርቀት ሯጮች በልጅነታቸው ያስመዘገቡትን ሰዓት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሳሰፍር ነው። የተነሣሁበት ጥያቄ ቀላል ነበር፦ በ16፣ በ17፣ በ18 ዓመቱ ከሁሉም የላቀው ማን ነው? ክፍተቱን ካየሁ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። በየትምህርት ቤቱ የሩጫ ቡድን፣ አሠልጣኝና መም ባለበት አገር ከ33 ዓመት በላይ አንድም ልጅ እንዴት ይጠፋል? ያውም በእነዚያው ዓመታት መሮጫው ከከሰል አመድና ከአፈር ንጣፍ ወደ ሰው ሠራሽ ጎማ ተለውጧል፤ ጫማውም ቀሏል። ሰዓቱ መፍጠን ሲገባው ልጆቹ ጠፉ።

በመጀመሪያ የሚመጣው መልስ ራየን ልዩ ፍጡር ነበር የሚለው ነው። የልጁን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ለሚያነብ ግን ይህ መልስ ብዙም አይዘልቅም። ራየን ሲጀመር ማንም ዓይኑን የጣለበት ልጅ አልነበረም። በዊቺታ ከተማ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ለሩጫ ቡድኑ ተሞክሮ ቀርቷል። በ1962 መጸው ዊቺታ ኢስት ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሲገባ የአገር አቋራጭ ቡድኑን ተቀላቀለ። መጀመሪያ ማይል ሲለካ የያዘው ሰዓት 5:38 ነው። ይህን ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ማንኛውም ትምህርት ቤት ሜዳ ብንወርድ የሚሮጥ ልጅ አይጠፋም። ያው የትምህርት ዘመን ሲያልቅ ግን ራየን 4:07.8 ሮጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ 90 ሰከንድ ቀነሰ።

ይህን ያህል ምን አወረደው? አሠልጣኙ ቦብ ቲመንስ ዋናተኞችንም ያሠለጥን ነበር። በገንዳ ውስጥ የለመደውን፣ አጭር ርቀትን በፍጥነት እያስኬዱ በአጭር ዕረፍት መደጋገምን፣ ወደ መም አወጣው። ራየን ከሠራቸው ልምምዶች ሁሉ የሚታወቀው 40 ጊዜ የተደጋገመው 440 ያርድ ነው። አንድ ዙር ነው፤ 402 ሜትር ገደማ። ልጁ ዙሩን ይሮጣል፣ ትንፋሹን ጥቂት ይሰበስባል፣ እንደገና ይነሣል። ሃያኛው ላይ ገና ግማሹ ነው። ዕረፍቱን ትተን በፍጥነት የተሮጠው ብቻ ሲደመር 16 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቲመንስ ከዚህ ሌላ አንድ ነገር አድርጓል፤ ልጁ ገና 4:20 አካባቢ እያለ ከአራት ደቂቃ በታች የሚገባ የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደሚሆን ነግሮታል። ራየን ያኔ አሠልጣኙ አበደ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የሆነው ግን ከተባለው በላይ ነው። በ1964 በ17 ዓመቱ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተመረጠ። በ1965 እዚያው ካንሳስ ውስጥ በተማሪዎች ብቻ ውድድር 3:58.3 ሮጠ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ሳንዲዬጎ ላይ በቶኪዮ 800 እና 1500 ሜትር ሁለት ወርቅ የወሰደውን ኒውዚላንዳዊውን ፒተር ስኔልን ቀድሞ በ3:55.3 ገባ። በ1966፣ በ19 ዓመቱ፣ የማይልን የዓለም ክብረ ወሰን 3:51.3 አደረሰው። 5:38 ከሮጠ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

እንግዲህ ራየን ልዩ ነበር ብንልም ዳንየልሰንና ሊኮሪ አሉ። ሦስት ልዩ ፍጡር በአራት ዓመት ተወልዶ ለ33 ዓመት ማኅፀን አይደርቅም።

ሁለተኛው ፍንጭ ያለው ከአሜሪካ ውጭ ነው። በ1978 እንግሊዛዊው ስቲቭ ክራም በ17 ዓመቱ ማይልን በ3:57.43 ሮጧል። በ1992 ሴኡል ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የ5000 ሜትርን ፍጻሜ ብንመለከት ደግሞ አንደኛ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ሁለተኛ ኬንያዊው እስማኤል ኪሩይ፣ ሦስተኛ ሂሻም ኤል ገሩዥ ነበሩ። ያ ሦስተኛ የወጣው የሞሮኮ ልጅ በ1998 ሮም ላይ 1500 ሜትርን በ3:26.00፣ በ1999 ማይልን በ3:43.13 ሮጦ እስከዛሬ ያልተነካ ክብረ ወሰን አስቀመጠ። በኬንያ ኢተን ደግሞ በ1976 ጂኦግራፊ ሊያስተምር ከአየርላንድ የመጣው ብራዘር ኮልም ኦኮነል በቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ልጆችን እያሠለጠነ የ1988ቱን የ1500 ሜትር ኦሊምፒክ አሸናፊ ፒተር ሮኖን፣ በኋላም ዴቪድ ሩዲሻን አፍርቷል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የልጅ ችሎታ ከምድር አልጠፋም። የጠፋው ከአንድ አገር ነው። ከአንድ አገር ብቻ የሚጠፋ ነገር ደግሞ በደም የሚገለጽ አይደለም፤ ከአሠራር መፈለግ አለበት።

አሠራሩን ስመረምር መጀመሪያ የገረመኝ የውድድሮቹ ዝርዝር ነው። ራየን ከአራት ደቂቃ በታች መጀመሪያ ሲገባ ስምንተኛ ነበር። ሊኮሪ በ1967 ቤከርስፊልድ ላይ 3:59.8 ሲሮጥ ሰባተኛ ነው፤ ከፊት የነበረው ደግሞ በዚያው ውድድር የራሱን ክብረ ወሰን ወደ 3:51.1 ያወረደው ራየን። ልጆቹ ሰዓቱን ያገኙት ትልልቆቹ በጎተቱት ውድድር ውስጥ ነው። በኋላ የመጡት ልጆች በብዛት የሚሮጡት ከእኩዮቻቸው ጋር ሆነ፤ ለትምህርት ቤታቸው ነጥብ ለመሰብሰብ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ርቀት ይሰለፋሉ፤ ካሸነፉ ሰዓቱን የሚጠይቃቸው የለም። ከ1980 ገደማ ጀምሮ ደግሞ አብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማይልን ትተው ወደ 1600 ሜትር ዞሩ። 1600 ሜትር ከማይል 9 ሜትር ከ34 ሳንቲ ሜትር ያንሳል፤ በዚያ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አራት ደቂቃ የሚባለው አጥር ከልጆቹ ዓይን ፊት ተነሣ ማለት ነው፤ የማይሮጡትን ርቀት ማንም ሊሰብረው አይመኝም።

ዋናው ምክንያት ግን የልምምዱ መቀነስ ይመስለኛል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአሜሪካ ልጆች የሚሮጡት ኪሎ ሜትር ከ1960ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በጣም እንደወረደ የዘርፉ ሰዎች በስፋት ይስማማሉ። ይህን ሲያብራሩ ደጋግመው የሚጠሩት ስም ደግሞ የራየንን ነው። በልጅነቱ ብዙ ስለሠራ ተቃጠለ ይባላል። ማስረጃ ተደርጎ የሚቀርበውም ይታወቃል፤ በ1968 ሜክሲኮ ላይ በኬንያዊው ኪፕ ኬይኖ ተሸንፎ ብር ወሰደ፣ በ1969 ማያሚ ላይ ውድድር አቋርጦ ከመም ወጣ፣ በ1972 ሙኒክ ላይ በማጣሪያው ወደቀ።

ይህ ፍርድ ልክ አይመስለኝም። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2240 ሜትር ላይ ናት፤ ኬይኖ ደግሞ የደጋ ልጅ ነው። በዚያ አየር ራየን የሮጠው 3:37.8 ለቆላ ሰው ታላቅ ሰዓት ነው። በዚያው ዓመት ጸደይ ሞኖኑክሊዮሲስ በተባለ ኃይል በሚያሟጥጥ በሽታ ታሞ ነበር። የሙኒኩ ደግሞ መጠላለፍ ነው። በ1969 የሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። ዕድሜው 22፤ ከ17 ዓመቱ ጀምሮ የገባበት ውድድር ሁሉ ክብረ ወሰን ይጠበቅበታል። እዚያ ላይ የደከመው እግሩ አይመስለኝም። ልምምዱ ልጁን አጠፋው የሚለው ወሬ ግን በአሠልጣኞች ዘንድ ሥር ሰደደ፤ ቀጥለው የመጡት ልጆችም የአንድ ሰው ታሪክ የተሳሳተ ንባብ ዕዳ ከፈሉ።

ጃንዋሪ 2001 ላይ የቨርጂኒያው አለን ዌብ ኒው ዮርክ ውስጥ በቤት ውስጥ መም 3:59.86 ሮጦ ዝምታውን ሰበረ። በሜይ ወር ደግሞ ዩጂን ላይ፣ ኤል ገሩዥ ባሸነፈበት ውድድር አምስተኛ ሆኖ በ3:53.43 ገባ። የራየን የተማሪዎች ክብረ ወሰን ለ36 ዓመት ገደማ ቆይቶ የወደቀው ይኸው እንደ ድሮው፣ በትልልቆቹ መካከል ነው። ዌብ በ2007 ማይልን 3:46.91 ሮጦ የአሜሪካን ክብረ ወሰን ያዘ። ከእርሱ በኋላ ስሞቹ ቀስ እያሉ መጡ፤ ከ2021 ወዲህማ በየዓመቱ አዲስ ስም ይጨመራል። እዚህ ላይ ከ2020 ገደማ ጀምሮ የተስፋፉት የካርቦን ሰሌዳና ወፍራም ስፖንጅ ያላቸው ስፓይክ ጫማዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። የዛሬን ልጅ 3:58 ከራየን 3:59 ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ለራየን ፍትሕ ማጓደል ነው።

እዚህ ስደርስ ሠንጠረዡን በሌላ መልክ ጻፍኩት። ከላይ የነበረውን የዕድሜ አምድ አውጥቼ በምትኩ ሯጩ ልምምድ ከጀመረ የቆየበትን ዓመት አስገባሁ። በዘመኖች መካከል የነበረው ሥዕል ሌላ ሆነ።

ባኒስተር በ1946 መጸው በ17 ዓመቱ ኦክስፎርድ እስኪገባ ድረስ ስፓይክ እንኳ አድርጎ አያውቅም። የ3:59.4ቱ ሰዓት የመጣው ከሰባት ዓመት ተኩል በኋላ ነው፤ ያውም ከሕክምና ትምህርት በተሰረቀች በምሳ ሰዓት ልምምድ። ስኔል በትምህርት ቤት ሳለ ከሩጫው ይልቅ በቴኒስ ይታወቅ ነበር። በ19 ዓመቱ ገደማ በአሠልጣኙ አርተር ላይዲያርድ እጅ ገባ፤ የ800 ሜትር ሯጭ ሆኖ ሳለ በዋያታሩዋ ኮረብቶች ላይ 35 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙር ይሮጥ ጀመር። በ1960 ሮም ላይ በ21 ዓመቱ በ800 ሜትር ወርቅ ወሰደ። አውስትራሊያዊው ኸርብ ኤሊየት የ1956ቱን የሜልቦርን ኦሊምፒክ ተመልክቶ ወደ አሠልጣኙ ፐርሲ ሰሩቲ ሄደ፤ የፖርትሲን የአሸዋ ክምር ሽቅብ እየሮጠ በ1958፣ በ20 ዓመቱ፣ የማይልን ክብረ ወሰን በ3:54.5 ያዘ።

ዕድሜ በሚለው ሠንጠረዥ ላይ እነዚህ ሰዎች ከዛሬ ልጆች ኋላ የቀሩ ይመስላሉ። በልምምድ ዓመት ሲለኩ ግን ኤሊየት፣ ስኔልና ራየን ጠንክረው ልምምድ ከያዙ በሁለት፣ ቢበዛ በአራት ዓመት የዓለም ጫፍ ላይ ደርሰዋል። ኖርዌያዊው ያዕቆብ ኢንገብሪትሰን ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ ነው። በሜይ 2017፣ በ16 ዓመቱ፣ ዩጂን ላይ ማይልን 3:58.07 ሮጠ። በቀጣዩ ዓመት በ17 ዓመቱ በበርሊኑ የአውሮፓ ሻምፒዮና 1500 እና 5000 ሜትርን አሸነፈ። ታላላቅ ወንድሞቹ ሄንሪክና ፊሊፕ እርሱ ልጅ ሳለ የአውሮፓ ሻምፒዮና የ1500 ሜትር አሸናፊዎች ነበሩ፤ የእነርሱ ልምምድ፣ የእነርሱ ጉዳት፣ ከጣታቸው በተወሰደች የደም ጠብታ የተለካ የላክቴት መጠናቸው ሁሉ ለታናሹ መንገድ ጠርጓል። በ16 ዓመቱ ከኋላው ረጅም የልምምድ ዓመታት ነበሩት። ራየን 3:59.0 ሲሮጥ ከኋላው የነበረው ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ያዕቆብ በዕድሜ ቀደመ፤ ራየን በጉዞው ፍጥነት። ሁለቱን በአንድ መስመር አሰልፎ ማን ይበልጣል ማለት አይቻልም። ደግሞ ሰዓት የማይነግረን ዋጋ አለ፤ በ2023 ሦስቱ ወንድማማቾች አሠልጣኝ በነበሩት አባታቸው ላይ በአደባባይ ከባድ ወቀሳ አሰምተዋል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል።

ቀድሞ በመጀመርና ዘግይቶ በመጀመር መካከል ባለው ልዩነት ላይ ብርሃን የሰጠኝ አርነ ጉሊክና ባልደረቦቹ በብዙ የስፖርት ዓይነቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው በ2022 ያሳተሙት ትንተና ነው። በወጣትነት ደረጃ ጎልተው የወጡት ዋና ስፖርታቸውን ቀደም ብለው የጀመሩና በፍጥነት ያደጉ ናቸው። በአዋቂነት የዓለም ጫፍ የደረሱት ግን በአማካይ ሲታዩ ዘግይተው የጀመሩ፣ በልጅነታቸው ሌላ ሌላ ስፖርት የሠሩ፣ መጀመሪያ ላይም ቀስ ብለው ያደጉ ሆነው ተገኝተዋል። ስኔል ከነቴኒሱ፣ ዌብም በልጅነቱ ከሠራው የውኃ ዋና ጋር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ያዕቆብ ይወጣል። አማካይ እያንዳንዱን ሰው አያስርም፤ የታዳጊ አሠልጣኞች ግን ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

የሴቶቹን ረድፍ ስሞላ ደግሞ አዲሱ አምድ ብቻውን አልበቃም። በ1973 ሜሪ ዴከር የተባለች የ14 ዓመት አሜሪካዊት ሚንስክ ላይ የኦሊምፒክ የ800 ሜትር የብር ባለቤት የነበረችውን ኒዮሌ ሳባይቴን ቀደመች። ጸጉሯን በሁለት የጎነጎነች ሕፃን ነበረች። ብዙም ሳይቆይ እግሯ ተጎዳ፤ ከጉዳት ጋር ስትታገል የሞንትሪያል ኦሊምፒክ አመለጣት። ሙሉ አቅሟ የታየው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1983 ሄልሲንኪ ላይ 1500 እና 3000 ሜትርን ስታሸንፍ ነው። ከሚንስኩ ውድድር 40 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ሜሪ ኬን በ17 ዓመቷ የሞስኮ ዓለም ሻምፒዮና የ1500 ሜትር ፍጻሜ ውስጥ ገባች። በ2019 እራሷ ወጥታ እንደተናገረችው፣ አሠልጣኞቿ ክብደት ቀንሺ እያሉ ሲያስጨንቋት የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት ቆመ፤ አምስት አጥንቶቿ ተሰበሩ።

ሴት ልጅ ጎረምሳ ወንድ በሚፈጥንበት በዚያው ዕድሜ ሰውነቷ ይለወጣል፤ ስብ ይጨምራል፣ ከክብደቷ ጋር ሲመዛዘን የምትጠቀመው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ሰዓቷ አንድ ሁለት ዓመት ባለበት ሊቆም፣ ሊዘገይም ይችላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ አዋቂ ሯጭ የምትሆንበት መንገድ ነው። ችግሩ የሚመጣው አሠልጣኙ ያን ጊዜ መጠበቅ አቅቶት ምግቧን ሲያስቀንስ ነው። ሰውነት ከሚያወጣው ኃይል ያነሰ ሲመገብ መጀመሪያ የወር አበባ ይቀራል፤ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል። ይህን እያወቀ ዝም የሚል አሠልጣኝ ልጅ ሊሰጠው አይገባም እላለሁ። ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕየጎን በ2010 በ16 ዓመቷ በዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶች ውድድር በባዶ እግሯ ሮጣ አራተኛ ወጣች፤ በ2018 እናት ሆነች፤ በ2023 የእኛዋ ገንዘቤ ዲባባ በ2015 ሞናኮ ላይ ያስቀመጠችውን የ1500 ሜትር ክብረ ወሰን፣ 3:50.07፣ ሰበረች፤ በ2025 ደግሞ በ31 ዓመቷ 3:48.68 ገባች። ከ15 ዓመት በላይ የተዘረጋ መስመር ነው። በ2018 ታምፔሬ ላይ በ16 ዓመቷ የዓለም ወጣቶች የ800 ሜትር አሸናፊ የሆነችው ድርቤ ወልተጂም በ2023 ቡዳፔስት ላይ በ1500 ሜትር ብር ስትወስድ ሳይ ልቤ የሞላው ለዚህ ነው፤ የልጅነቱ ድል የጉዞው መጨረሻ አልሆነባትም።

የኢትዮጵያውያኑን ረድፍ ለመሙላት ስቀመጥ ግን ብዕሬ ቆመ። በአሮጌው ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው አምድ ዕድሜ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2016 ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደ ልጅ የልደት ቀኑ የሚታወቀው በእናቱ ትዝታ፣ በክርስትና ወይም በመኸሩ ነው፤ ለውድድር ሲፈለግ ከቀበሌ በወጣ ደብዳቤ ቁጥር ይሆናል። የዕድሜ ተገቢነት ነገር በየሻምፒዮናው የሚያጨቃጭቀን ገሚሱ ሆን ተብሎ በሚሠራ ስሕተት ቢሆንም ገሚሱ ከዚህ የመነጨ ነው። ስለዚህ በ17 ዓመቱ እንዲህ ሮጠ የሚለው ዓረፍተ ነገር ለራየን የሚሠራውን ያህል ለእኛ ልጆች አይሠራም።

በልምምድ ዓመት መለካት ይህን ችግር ያቃልላል፤ የልደት ወረቀት አይጠይቅምና። መቼ ጀመረ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። እርሱም ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በ2003 ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን ብሔራዊ ቡድን ሯጮች ጠይቀው ባወጡት ጥናት የማራቶን ሯጮቻችን በብዛት ከአርሲና ከሸዋ የመጡ፣ በልጅነታቸውም ከሌላው ሰው ይልቅ ረጅም መንገድ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሱ፣ ያንንም በሩጫ የሚያደርጉ ሆነው ተገኝተዋል። ታዲያ በ2800 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ያለች የበቆጂ ልጅ ልምምድ የጀመረችው መቼ ነው እንበል? የአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሜዳ ላይ የቆመች ቀን ነው ወይስ ሰባት ዓመት ሲሞላት ደብተሯን ይዛ ለትምህርት ቤት የሮጠች ቀን? ራየን በ5:38 ከዜሮ ጀመረ ማለት እንችላለን። የእኛዋ ልጅ ዜሮዋ የት እንደሆነ አይታወቅም።

ጃን ሜዳ ላይ አንድ የታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኝ የልምምድ ደብተራቸውን አሳይተውኛል። ጠርዙ በላብ የተጠቀለለ ባለ መስመር ደብተር ነው። ስም፣ የመጣበት ወረዳ፣ የ400 ሜትር ድግግሞሽ ሰዓቶች በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ፤ ሰማያዊው ለወንዶች፣ ቀዩ ለሴቶች። አንዳንዱ ሰዓት ሥር ተሰምሮበታል። ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነው። የጀመሩበት ወር ግን የለም፤ የትምህርት ቤቱ ርቀትም፣ ልጅቷ ያን ዓመት ስንት ሳንቲ ሜትር እንዳደገችም። አሠልጣኙ አልዘነጉትም፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ክለቦቹ የሚጠይቁት ሰዓት ብቻ ነው። ልጁ ክለብ ሲገባ ደብተሩ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ አሠልጣኝ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

የዚህን ኪሳራ በመሐመድ አማን ላይ ማየት ይቻላል። የአሰላው ልጅ በ2011 ሚላን ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይሸነፍ የቆየውን ሩዲሻን በ17 ዓመቱ ቀደመው። በ2013 ሞስኮ ላይ በ19 ዓመቱ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት ብራስልስ ላይ 1:42.37 ሮጠ። በ800 ሜትር ለኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው። በ2014 የቤት ውስጥ ዓለም ሻምፒዮናን ካሸነፈ በኋላ ግን በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሊምፒክ ወደ ሜዳሊያ አልተመለሰም። ስለ ራየን መቃጠል አለመቃጠል ዛሬ ከ60 ዓመት በኋላ መከራከር የምንችለው ልምምዱ ስለተጻፈ ነው። ስለ መሐመድ ለመከራከር እንኳ በእጃችን የሚበቃ ጽሑፍ የለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣ የ800 ሜትር ልጅ ከእርሱ ምን እንደምንማር ማን ይነግረናል?

ሠንጠረዡን የዘጋሁት በሳሙኤል ተፈራና በያዕቆብ ነው። ሳሙኤል በ2018 በርሚንግሃም ላይ በ18 ዓመቱ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ እዚያው በርሚንግሃም 1500 ሜትርን 3:31.04 ሮጦ ኤል ገሩዥ ከ1997 ጀምሮ የያዘውን የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሰበረ። ያዕቆብ በፌብሯሪ 2022 ፈረንሳይ ውስጥ ሊዬቫን ላይ 3:30.60 ሮጦ ወሰደበት። በቀጣዩ ወር ቤልግሬድ ላይ ለዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ተገናኙ። ያዕቆብ እየመራ መጣ፤ በመጨረሻው ቀጥታ ሳሙኤል አልፎት በ3:32.77 አሸነፈ፤ ኃይሌ በ1999 ማኤባሺ ላይ ያስቀመጠውን የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰንም አሻሻለ። ያዕቆብ በ3:33.02 ሁለተኛ ሆነ። የያዕቆብን የልጅነት ሰዓቶች ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነባቸው ይችላል። የሳሙኤልን ለማወቅ መጀመሪያ ያሠለጠነውን ሰው አፈላልጎ፣ ደብተሩ ካለ፣ ከእጁ መቀበል ያስፈልጋል።